አባቴ የጾሙበት ሰፈር

አባቴ አሶሳ የመጡት እናቴ በሞተች በስምንተኛው ወር ነው። የወለጋው መንገድ ያን ሰሞን ስጋት ስለነበረበት በአውሮፕላን መጡ፤ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ልቀበላቸው ስሄድ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይዘው የመጡ ይመስል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ አገኘኋቸው። "ይቺ አገር እሳት ናት እንዴ?" አሉኝ።

አባቴ አናጢ ነበሩ። በእኛ ቀበሌ የሳቸው እጅ ያልነካው በር ቢፈለግ አይገኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን መጋዙን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ ምግቡንም እንደ መጋዙ። ወንድሜ ደውሎ፣ "አራት ጉርሻ ይጎርሱና 'ተመስገን' ብለው ይነሳሉ። አምስተኛዋን አይቼ አላውቅም። እስቲ አንቺ ጋ መጥተው አየር ይለውጡ" አለኝ። እኔም ለሁለት ሳምንት ብዬ ትኬት ላክሁላቸው።

አሶሳ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተከራየሁት ቤት ያለበት ሰፈር ከሌላው ቀበሌ ወጣቶች በባጃጅ እየመጡ የሚያመሹበት ነው። የመንገዱ ግራና ቀኝ ዕድሜያቸው የማይታወቅ የማንጎ ዛፎች አሉ። ከሥራቸው ሻይ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፉል ቤት፣ ሽመል ከሚሉት ቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከወለጋ የመጡ እናቶች የሚያበስሉባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። አንድ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው በርታኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዐረብኛ፣ የወሎ አማርኛ፣ የጉራጌ ነጋዴ ሳቅ ባንድ ጊዜ ይሰማል። ይህን ሁሉ የማውቀው ግን በጆሮዬ ብቻ ነበር። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው የምመላለሰው። ዝውውር እየጠበቅሁ ስለነበር ሰፈሩን የመንገደኛ ማረፊያ አድርጌው ነበር።

አባቴ በመጡበት ምሽት ሽሮ ሠራሁ። የሰኔ ጾም ገብቷል፤ እሳቸው ደግሞ የሰኔን ጾም ቄስ ነው የሚጾመው ብለው ከሚተዉት ወገን አይደሉም። ሽሮውን ልክ እንደ እናቴ ለማድረግ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ። እናቴ ራሷ ያዘጋጀችው ሽሮ ትንሽ ተርፎኝ ነበርና እሱን ጨመርኩበት። አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። አራተኛውን ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አልጣፈጠም?" አልኳቸው።

"ኧረ ጣፍጧል። የኔ ሆድ ነው የዘጋው፣ ልጄ።"

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ፈተና አስፈትኜ ከቀትር በፊት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከዘራቸው የለም። ስልካቸው አልጋው ላይ ተቀምጧል። አከራዬን ብጠይቃት አላየችም። ሰውየው አገሩን አያውቁ፣ ቋንቋውን አያውቁ፣ ሙቀቱን አይችሉ። ደብተሮቼን እንደያዝኩ ወጣሁና በማንጎዎቹ ሥር መሮጥ ጀመርኩ። ያን ያህል ዓመት አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩባቸውን በሮች ሁሉ ያን ቀን አንድ በአንድ እያንኳኳሁ፣ "ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አላያችሁም?" እያልኩ ጠየቅሁ። ሁሉም አይተዋቸዋል። ፉል ቤቱም፣ ጁስ ቤቱም "ወደዚያ ሄዱ" ይሉኛል።

ያገኘኋቸው አንዲት ሱዳናዊት ሻይ በምታፈላበት ጥላ ሥር፣ ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ ነው። ጋቢያቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አጠገባቸው ነጭ ቆብ ያደረጉ የበርታ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው ሽመል ይሰነጥቃሉ። አባቴ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው የሽማግሌውን እጅ በዓይናቸው ይከተላሉ። እኔ እንደ መጣሁ እንኳ አላዩም።

ሻይ ሻጯ ናት ቀድማ ያናገረችኝ። የሱዳን ጦርነት ሲነሳ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ተሻግራ የመጣች ሴት ናት፤ አማርኛውን እዚሁ መንገድ ዳር ነው የለመደችው። "አባትሽ ነው?" አለችኝ። "ከጠዋት እዚህ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። 'ጾም፣ እስከ ስድስት ሰዓት' አለኝ። እኛም 'ሶም' ነው የምንለው፤ ገባኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እነግርሃለሁ አልኩት።"

አባቴ ቀና ብለው አዩኝና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ "ይህን እንጨት አየሽው? ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ሰው ይሸከማል" አሉኝ።

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ ቃሏን ጠብቃ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳችላቸው። ሽማግሌው ከመንገዱ ማዶ ፉል አዘዙ። ሳህኑ ሲመጣ አባቴ ፈራ ተባ አሉ። "ቅቤ አለው?" ብለው ጠየቁ።

"ሰሊጥ ዘይት ነው፣ አኹይ። ባቄላና ሰሊጥ። ብላ" አሏቸው ሽማግሌው። አኹይ ወንድሜ ማለት ነው።

አባቴ ዳቦውን ቆረሱ። አራት ጎረሱ። አምስተኛውን ጎረሱ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። የሳህኑን ቂጥ በዳቦ ሲጠርጉ ፊቴን ወደ ማንጎው ዛፍ አዞርኩ፤ እንባዬ ሊመጣ ነበርና።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ሁሉም 'አንተ' እያሉ ነው የሚጠሩኝ" አሉ።

"አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ነው፣ አባባ። እንዳይቀየሙ።"

"አልተቀየምኩም። ከእናትሽ ሌላ አንተ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ጠፍቶብኝ ነበር።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሽማግሌው ጋ ሄደው ይውላሉ፤ እኔ ከሥራ ስወጣ ይቀበሉኝና "ነይ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ" ይሉኛል። አንድ ቀን ይዘውኝ የሄዱት አንዲት የወለጋ እናት ቤት ነው። ሴትዮዋ "በጋ ነጋን ዱፍተን" ብላ በአገሯ ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ አለችንና የተቀቀለ አንጮቴ አቀረበችልን። ሥር ነው፤ ከድንች ይልቅ ጠበቅ ያለ፣ ሲያኝኩት ቀስ እያለ የሚጣፍጥ። በቅቤ ነው የሚያምረው፤ ለአባቴ ግን በዘይትና በሚጥሚጣ አሸችው። እሷ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ስለሆነች የሰኔን ጾም አትጾምም። "ለርስዎ ስል ዛሬ እኔም በዘይት ነው የምበላው" ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሌላ ቀን ደግሞ ወጣቶቹ የሚሰበሰቡበት ካፌ ገባን። ሥራ ያጡ አራት ምሩቃን ተባብረው ያቆሙት ነው። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ የመብራቱ ሽፋን ሳይቀር ሽመል ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ተስሏል፤ ልጆቹ እፊቱ እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ በበሩ ሳልፍ "ለእኔ የሚሆን አይደለም" እያልኩ ኖሬያለሁ። አባቴ ግን ከዘራቸውን ይዘው ሰተት ብለው ገቡና ምሰሶዎቹን በጣታቸው እያንኳኩ ዞሩ። "ማን ነው ይህን ያገጣጠመው?" ብለው ሲጠይቁ አስተናጋጇ ሳቀችና ያው ሽማግሌው መሆናቸውን ነገረቻቸው። አባቴ በኩራት ወደ እኔ ዞሩ፤ ወዳጃቸው የሠሩት ስለሆነ።

ከርከዴ የሚባል የአበባ መጠጥ በበረዶ አመጡልን። እንደ ደም ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጉሮሮን እያጠበ የሚወርድ። ለማንጎው ወቅቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ስለቀረው በሳፋ ሙሉ ቀረበ። አባቴ ማንጎ ከሱቅ ገዝተው እንጂ ከዛፉ በልተው አያውቁም። ጭማቂው በክርናቸው እየወረደ እስከ ፍሬው ድረስ መጠጡት።

ከካፌው ጀርባ የባህል ቡድን ይለማመዳል። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ዙምባራውን ሲነፉ ደረስን። ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ነፊው ተራው እስኪደርስ ጠብቆ የራሱን ያሰማል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይቀበለዋል። እንዲያ እየተቀባበሉ፣ በክብ እየዞሩ ዜማው ይወጣል። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙ። ከነፊዎቹ አንዱ መጥቶ ትንሹን ሰጣቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ተቀበሉ። ተራቸው ሲደርስ አየር ብቻ ወጣ። በሁለተኛው ዙር ያለ ተራቸው ነፉና እንደ ወይፈን የሚጮህ ድምፅ ወጣ፤ ግቢው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስምንት ወር አልፎ ነበር።

ሽማግሌው ለዓርብ ምሳ የጠሩን በዚህ መሃል ነው።

አባቴን ግን ግብዣው አሳሰባቸው። ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ "እኔ እኮ የሙስሊም ቤት ገብቼ በልቼ አላውቅም" አሉኝ። "ፉሉ ሌላ ነው። መንገድ ዳር ነው፤ ባቄላ ነው። የሰው ቤት ገብቶ ግን... ድስቱ ሥጋ የተሠራበት ይሆናል። እምቢ ብል ደግሞ ይከፋዋል።"

"ቢነግሯቸውስ?"

"እንዴት ብዬ? 'ድስትህን ተጸየፍኩት' ልበለው?"

አፈርኩ፤ በሳቸውም፣ በራሴም። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ሙሉ የማንንም ቤት ሳልረግጥ የኖርኩት ማንም ስላልጠራኝ ነው እያልኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጠርተውኝ ያውቃሉ። "ሥራ አለብኝ" እያልኩ ነው የቀረሁት።

ዓርብ ሽማግሌው ከጁምዓ ሲመለሱ ሄድን። ግቢያቸው በሽመል አጥር የተከበበ ነው፤ ንጹሕ፣ የተጠረገ። ሚስታቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ደማቅ ሽቲ የለበሱ ሴት ናቸው። እጃችንን አስታጥበው ምንጣፍ ላይ ካስቀመጡን በኋላ ወዲያው ምግቡን አላቀረቡም። መጀመሪያ ጥቁር የሸክላ ድስት ይዘው መጡና አባቴ ፊት አኖሩት።

"ይህ አዲስ ነው" አሉ፣ ቃላቱን እየፈለጉ። "ትላንት ገዛሁ። ሥጋ አልገባም። ወተት አልገባም። የወለጋዋን ሴት ጠየቅሁ፤ ጾም ምን አይበላም አልኩት። እሱ ነገረኝ። ዘይት ብቻ። ብላ፣ አትፍራ።"

አባቴ ድስቱን አዩት። ከዚያ ሴትዮዋን አዩ። ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ለቄስ ካልሆነ ዝቅ ብለው የማያውቁት ሰው፣ ወገባቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ" አሉ። ሴትዮዋ በዕድሜ ከሳቸው በሃያ ዓመት ያንሳሉ።

የማሽላ ገንፎ መጣ፤ ከእኛ ገንፎ ለስለስ ያለ፣ በጣት እየተቆረሰ የሚበላ። ማጥቀሻው እዚያ ከንከሴ የሚሉት ባሚያ ነው፤ ልዝብ፣ አረንጓዴ፣ ሲያነሱት እንደ ክር የሚሳብ። ዝናቡ በመጀመሩ የሽመል ቡቃያም ነበር። ተልጦ፣ ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ምሬቱ ከወጣ በኋላ በኑግ የተሠራ። ባሚያው እንደ ክር ተስቦ የአባቴ ጢም ላይ ቀረና ሽማግሌው እንዴት በጣት ቆርጦ እንደሚነሣ አሳዩዋቸው። ሦስት ጊዜ ተጨመረላቸው።

ምግቡ ሲነሣ ሴትዮዋ፣ "ሚስት አለህ?" ብለው ጠየቁ። እኔ ልመልስ ስል አባቴ ቀደሙኝ። "ነበረችኝ" አሉ። ከዚያም ስለ እናቴ ማውራት ጀመሩ። እንዴት እንደተዋወቁ፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲሸጡ ምን እንዳለቻቸው፣ የታመመች ጊዜ እሳቸው ማብሰል ሞክረው እንዴት እንዳሳቋት። ግማሹን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው ወደሳቸው ዞረው ሰሙ። ሴትዮዋ ባንዳንዱ ቦታ አማርኛው ሳይገባቸው እንደማይቀር ያስታውቃል፤ ግን ባሳዘነው ቦታ አዝነው፣ ባሳቀው ቦታ ሳቁ።

በመንገድ ላይ ዝናብ ያዘንና አንድ ማንጎ ሥር ተጠለልን።

"ያን ቀን የሠራሽው ሽሮ ጥሩ ነበር" አሉኝ በድንገት። "ጥሩ ስለሆነ ነው ያልበላሁት። እናትሽ ከሳህኑ ውስጥ እያየችኝ እንዴት ልዋጠው? ይህን ባሚያ ግን አታውቀውም። ስበላው አጠገቤ የጎደለ ሰው የለም።"

ስምንት ወር ሙሉ ወንድሜ፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ደግሞ እኔ፣ የእናታችንን ወጥ እየመሰልን ስናቀርብላቸው ኖረናል።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። አባቴ ስለ ትኬቱ ሳነሣባቸው፣ "ሥራ ጀምሬያለሁ እኮ" አሉ። እውነትም ጀምረው ነበር። ሽማግሌው ወንበር እንዲሠሩ መሣሪያ ሰጥተዋቸዋል። በመጀመሪያው ቀን የለመዱትን ሚስማር መቱበትና ሽመሉ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሽማግሌው፣ "ሚስማር አይወድም፣ አኹይ። እሳት አሳየው፣ ከዚያ ይታጠፋል። በልጥ እሰረው" አሏቸው። ሃምሳ ዓመት አናጢ የነበሩ ሰው እንደ ጀማሪ ቁጭ ብለው ማሰር ተማሩ። እጃቸው ተሰነጣጠቀ። ማታ ማታ ቫዝሊን ስቀባቸው ስለ ቋጠሮው ያስረዱኛል።

ሐምሌ አምስት ጾሙ ተፈታ። አባቴ ከዋዜማው ጀምረው አንድ ነገር ሲያስቡ ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ገበያ ወረድንና ሁለት ዶሮ ገዛን። ሁለቱንም ከነነፍሳቸው ይዘው ሽማግሌው ቤት ሄዱ። "ይህን አንተ እንደ ሃይማኖትህ ባርከው። ይኼኛውን እኔ እንደ ሃይማኖቴ አርዳለሁ" አሏቸው። ሽማግሌው አንዱን ዶሮ ተቀበሉ። ከዚያ ሚስታቸውን በበርታኛ ጠሩ።

በግቢው በአንዱ ጥግ እኔ ዶሮ ወጥ ሠራሁ፤ በሌላው ጥግ ሴትዮዋ የራሳቸውን። ሽንኩርቱን አብረን ነው የላጥነው። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን ተሸክማ መጣች፤ የወለጋዋ እናት አንጮቴውን በዚህ ጊዜ በቅቤ አድርጋ አመጣች። ሁለት ትሪ፣ አንድ ምንጣፍ። ማን ከየትኛው እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቃል፤ ስለሱ የተናገረም፣ ያፈረም አልነበረም። አባቴ የሽማግሌውን ትሪ ሲያዩ፣ "ያንተው ወፍራም ነበር እኮ፤ ተሸወድኩ" አሏቸው። ሽማግሌው፣ "አንተ መረጥክ!" ብለው እየሳቁ ትከሻቸውን መቱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሸኘኋቸው። ወንበሩ በአውሮፕላን ስለማይገባ እኔ ጋ ቀረ። ሻንጣቸው ውስጥ ግን ደረቅ ባሚያና ከርከዴ አጭቀው ነበር። ሽማግሌው በባጃጅ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥተው ከአባቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

እኔ ከሥራ ስወጣ አሁን በቀጥታ ወደ ቤት አልገባም። ሻይ ሻጯ ጋ እቀመጣለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የሽማግሌው ሚስት፣ ሴቱንም ወንዱንም 'አንተ' ነው የሚሉትና፣ "ለምን ጠፋህ?" እንዳይሉኝ ብቅ እላለሁ።

አባቴ ከተመለሱ በኋላ መጋዙን ከግድግዳው አወረዱት። ወንድሜ፣ "ይበላሉ፤ እንዲያውም እኔን ይቆጡኛል" አለኝ። አንድ እሑድ ራሳቸው ደወሉልኝ።

"ከቤታችን በታች ያለውን የሙስሊሙን ሻይ ቤት ታውቂዋለሽ? ሠላሳ ዓመት በደጃፉ ነው ያለፍኩት። ትላንት ገባሁ።"

"ምን በሉ?"

"የምስር ሳምቡሳ።"

"እንዴት ነበር?"

"ጨው በዝቶበታል" አሉ። "ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።"